ለገማች የተዘረጋ ቧንቧ

አከራይ ቧንቧ የሚቀይረው በሁለት ምክንያት ብቻ ነው፤ ወይ እናንተን ሊያስወጣ ሲያስብ፣ ወይ እሱን ራሱን ሊያስወጡት ሲመጡ! ሦስተኛ ምክንያት አለ የሚል ካለ ተከራይቶ የማያውቅ ሰው ነው። «ተከራዮቼ ንጹሕ ውሃ ይጠጡ ብዬ ነው ቧንቧ ያስቀየርኩት» የሚል አከራይ አጋጥሞናል የምትሉ ካላችሁ ቤቱን ጠቁሙኝ። ነገውኑ ዕቃዬን ጭኜ እመጣለሁ... የሚጫን ዕቃ ያለኝ ይመስል!

የምኖረው ቡራዩ ነው። ቡራዩ፣ ለማታውቋት፣ አዲስ አበባ የሚሠራ ሰው አዲስ አበባ መኖር ሲያቅተው የሚያድርባት ከተማ ናት። ጠዋት በሚኒባስ ተጠቅጥቀን እንሄዳለን፣ ማታ በሚኒባስ ተጠቅጥቀን እንመለሳለን። ግቢያችን አንድ ባለቤት፣ የተከራይ መዓት፣ አንድ የጋራ መጸዳጃ ቤትና መሐል ላይ የቆመ አንድ ቧንቧ አለው። ያ ቧንቧ የብረት ነበር። በወጣትነቱ ዚንክ ተቀብቶ «ጋልቫናይዝድ» ይባል ነበር አሉ። እኔ የደረስኩት በእርጅናው ዘመን ስለሆነ ዚንኩን አላየሁትም፤ ያየሁት ዝገቱን ነው።

ከእሱ የሚወጣውን ውሃ ያላየ ሰው ሻይ ቅጠል ለምን እንደሚገዛ አይገባውም። ኩባያ ውስጥ ስትቀዱት ቀለሙን ይዞ ነው የሚመጣው፤ የሚቀራችሁ ማፍላትና ስኳር መጨመር ብቻ ነው። አንዴ ነጭ ሸሚዜን አጥቤ ለብሼ ሥራ ብገባ አለቃዬ «ክሬም ቀለም እንዴት ያምርብሻል!» አለኝ። አመሰገንኩት፤ ምን ልበለው?

የግቢው ባለቤት ኦቦ ደቻሳ ናቸው። ከተማው ሳይመጣ በፊት ገበሬ ነበሩ፤ ዛሬ ፎቅ በፎቅ የሆነው ሰፈር ሁሉ የእሳቸውና የወንድሞቻቸው ጤፍ የሚዘራበት ነበር። ከተማው ቀስ እያለ መጣና እርሻውን በላው። ዛሬ ከዚያ ሁሉ መሬት የቀረቻቸው እኛ የተከራየንባት ይህች ግቢ ብቻ ናት። ስለ ቧንቧው ስንት ጊዜ ነገርናቸው መሰላችሁ!

«ኦቦ፣ ቧንቧው ዝጓል።»

«ብረት አይደለም እንዴ? ይዝጋል!»

«ኦቦ፣ ውሃው ቀይ ሆኗል።»

«ለደም ማነስ ጥሩ ነው።»

እንግዲህ ከአከራይ ጋር ክርክር እዚህ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ዕቃ መጫን ነው።

ታዲያ እኒህ ሰውዬ አንድ ቀን ተነሥተው ቧንቧውን በመዳብ ላስቀይር ነው አሉ። በፕላስቲክ አይደለም... በመዳብ! ደነገጥኩ። የጤና አልመሰለኝም። ጤናም አልነበረም፤ ማስተር ፕላን ነበር።

ያን ጊዜ ታስታውሱታላችሁ። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉት ከተሞች ጋር በአንድ ካርታ የሚያያይዝ ፕላን ወጣ ተባለ። ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም ካርታው ውስጥ ገቡ። ገበሬው «መሬቴን ሊወስዱ ነው» ብሎ ተነሣ፣ ወጣቱ መንገድ ላይ ወጣ፣ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ። ሰው ታስሯል፣ ሰው ሞቷል፣ እናት አልቅሳለች። በዚያ ላይ አልቀልድም፤ የሚቀልድም አይግጠማችሁ። እኔ የምቀልደው በግቢያችን ላይ ነው፤ በግቢያችን ላይ ደግሞ የማልቀልድበት ምክንያት የለም።

በግቢያችን ውስጥ መኩሪያ የሚባል ተከራይ አለ። አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ይሠራል። ምን እንደሚሠራ ሚስቱም በቅጡ የምታውቅ አይመስለኝም፤ ብቻ ክራቫት ያስራል፣ ብብቱ ሥር ሁልጊዜ ፋይል አለ። በዚህ ምድር ላይ መኩሪያ የማያውቀው ነገር ቢኖር የማያውቀው ነገር መኖሩን ነው። እና ይሄ ሰው አንድ እሑድ ኦቦ ደቻሳን አጥር ሥር አስቀምጦ ሲመክራቸው፣ እኔ ልብስ እያጠብኩ (እያቀለምኩ ማለት ይሻላል) ሙሉውን ሰማሁት።

«ኦቦ፣ ካሳ የሚከፈለው ለመሬቱ አይደለም። መሬት የመንግሥት ነው። የሚከፈለው መሬቱ ላይ ላለው ንብረት ነው።»

«እኔ መሬቴን አልሰጥም!»

«አይስጡ! ማን ስጡ አለዎት? ድርቅ ይበሉ፣ አይስጡ! ግን... ከወሰዱትስ?»

ኦቦ ደቻሳ እጃቸውን ወደ በሩ ዘርግተው፣ «አባቴን ለቀብር በዚህ በር ነው ያወጣሁት። እኔንም በዚህ በር ነው የሚያወጡኝ» አሉ። ሰውየው የፈሩት ማጣትን አልነበረም፤ ከዚያ በር በሕይወት መውጣትን ነበር። መኩሪያ ግን ሰው ሲናገር የሚያዳምጠው የራሱ ተራ እስኪደርስ ብቻ ነው።

«አሜን፣ አሜን! ግን ገማች ሲመጣ ያየውን ይጽፋል፣ ያላየውን አይጽፍም። ሰዉ እኮ ነቅቷል ኦቦ! ሱሉልታ ያለ ዘመዴ ባሕር ዛፍ ተክሎ መግቢያ በር አጥቷል። ዓለም ገና አንዱ የዶሮ ቤቱን ሴራሚክ አስለብሷል! እርስዎ ምን አለዎት? ጭቃ ግድግዳና የዛገ ቧንቧ። የብረት ቧንቧ አይቶ ገማች ይስቃል። ፕላስቲክ ይንቃል። መዳብ ሲያይ ግን... ቆሞ ነው የሚጽፈው!»

«መዳብ ይቀበራል እንዴ?»

«ኧረ በጭራሽ! የተቀበረ ማን ያየዋል? በግድግዳው ላይ፣ በዓይን ልክ ነው የሚሄደው!»

እንዲህ ያለ ምክር ሰምቼ ለምን ዝም አልኩ ትሉኛላችሁ። ሸሚዜን አይቼ ነዋ! ንጹሕ ውሃ በስሕተትም ቢመጣ ንጹሕ ነው ብዬ አፌን ዘጋሁ።

ኦቦ ደቻሳ ላማቸውን ሸጡ። የምትታለበውን፣ አዴ ጫልቱ፣ ሚስታቸው፣ በስሟ የሚጠሯትን ላም! አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት በሰማይ ላም ያለው ሰው ገጥሟቸው ነው። በምድር ያለችውን ሸጦ የሰማይዋን የሚገዛ ግን እነሱም አልገጠማቸውም። አዴ ጫልቱ ለሳምንታት ከባላቸው ጋር የተነጋገሩት በእኛ በኩል ነው። «ለመዳቡ ሰውዬ ምሳ ቀርቧል በይው» ይሉኛል፣ እሳቸው አጠገቤ ቁጭ ብለው እየሰሙ።

መዳቡን ለመግዛት የተላክነው እኔና መኩሪያ ነን። እሱ እንደ ባለሙያ፣ እኔ እንደ ታማኝ። ኦቦ ደቻሳ ብሩን ለእኔ ሰጥተው ምክሩን ለእሱ ተዉለት። መርካቶ ዞረን ዞረን፣ በመጨረሻ ምናለሽ ተራ ጥግ ላይ ያረጀ፣ ግን ተወልውሎ የሚያበራ የመዳብ ቧንቧ የከመረ አንድ ነጋዴ አገኘን።

«ይሄ ከትልቅ ሆቴል የወጣ ነው» አለን ቧንቧውን እየደባበሰ። «ሚኒስትር ታጥቦበታል!»

«ሆቴሉስ?» አልኩት።

«ፈረሰ።»

«ለምን?»

«ለልማት!»

መኩሪያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አየሽ ጥራቱን! ቤቱ ፈርሶ ቧንቧው ምንም አልሆነ!» አለኝ። እኔ ደግሞ ከፈረሰ ቤት የተነቀለ ቧንቧ ሊፈርስ ነው ወደሚባል ቤት ይዞ መሄድ ምን ይባላል እያልኩ አስብ ነበር። ለማንኛውም ገዛን፣ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጫንን፣ ወደ ቡራዩ ተመለስን።

አስኮን አልፈን ትንሽ እንደሄድን መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። ወጣቶች ሚኒባሱን ከበቡት። አንደኛው ጣሪያውን እያየ፣ «ኩን ማሊ?» አለ፤ ይሄ ምንድን ነው ማለቱ ነው። ቀጥሎ ዓይኑ መኩሪያ ላይ አረፈ። ክራቫት... ፋይል... ጣሪያ ላይ የሚያብለጨልጭ ብረት... በቃ!

«ቀያሽ ነህ አይደል? የማስተር ፕላኑን ዕቃ ነው የጫናችሁት!»

ዓመቱን ሙሉ አፉ ተዘግቶ የማያውቀው መኩሪያ፣ ያን ዕለት ምላሱን የት እንዳደረሰው አላውቅም። ፋይሉን ቀስ ብሎ ሊቀመጥበት ሲሞክር አየሁት። ነገሩ በእኔ ላይ ወደቀ። የእኔ ኦሮምኛ ደግሞ ገበያ ወርዶ ድንች ከመግዛት አያልፍም። እጄን ወደ ጣሪያው ዘርግቼ፣ «ካን ኦቦ ደቻሳ! ቢሻን! ቢሻን!» ብዬ ጮህኩ፤ የኦቦ ደቻሳ ነው፣ ውሃ ነው፣ ውሃ!

ልጁ ፊቱ ተፈታ። «ኦቦ ደቻሳ? እኒያ ቀይ ውሃ የሚያጠጡት?»

ለካስ ዝናችን ከግቢ ወጥቷል! ሁሉም ሳቁ፣ ድንጋዩን ገለል አደረጉልን፣ ከመሄዳችን በፊት ግን «መንገዱ ላይ ሌሎች እንዳይይዟችሁ» ብለው ለምለም ቅጠል ሚኒባሱ ግንባር ላይ አሰሩልን። «ገለቶማ!» አልኳቸው፤ ምስጋና እንኳ አያቅተኝም።

ቅጠሉ ግን ጣጣ ያመጣብን ብዙም ሳንርቅ ነው። ፖሊሶች አስቆሙን።

«ይሄን ቅጠል ማን አሰረላችሁ?»

መኩሪያ ፋይሉን ይበልጥ ወደ ብብቱ ሸጎጠ።

«እነሱ እናንተን ለምን አሳለፏችሁ? ጣሪያው ላይ ምንድን ነው?»

«ቧንቧ ነው» አልኩ።

«የምን ቧንቧ? የት ሊደርስ? አንቺ ሥራሽ ምንድን ነው?»

ይህን ጊዜ የሚኒባሱ ረዳት፣ በየቀኑ የሚያመላልሰኝ ያ አፈኛ፣ ልጠቅማት ብሎ «ጋዜጠኛ ናት!» አይል መሰላችሁ! ጆሮዬ ላይ ደወል ተደወለ። በዚያ ሰሞን «ጋዜጠኛ» ከመባል «ሌባ» መባል የሚሻልበት ቀን ነበር። «ኧረ እኔ ወግ ነው የምጽፈው! ስለ ጎመን ዋጋ! ስለ ተከራይና አከራይ!» እያልኩ መሐላ በመሐላ ሆንኩ። ፖሊሱ አላመነኝም። ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ አስወርዶ በጫፋቸው አጮልቆ ማየት ጀመረ። በአንዱ በኩል ሲያይ በሌላው ጫፍ የመኩሪያ ፊት ነበር። ምን እንዳየ አላውቅም፤ ብቻ «ሂዱ፣ ሂዱ!» ብሎ አሰናበተን። ያ መዳብ በአንድ ጠዋት መንግሥትም ተቃዋሚም ሆኖ ተጠርጥሮ ቡራዩ ገባ።

መኩሪያ ምላሱ የተመለሰለት የግቢውን በር ሲያይ ነው። «በብልሃት ነው ያለፍነው!» አላቸው ለኦቦ ደቻሳ። «በብልሃት ነው ያለፍነው»... ሰማችሁልኝ?

ቧንቧውን የዘረጋው ግርማ የሚባል ቧንቧ ሠራተኛ ነው። «መዳብ ትችላለህ?» ሲባል፣ «መዳብማ እጄ ላይ ነው ያደገው!» አለ። እጁ ላይ ያደገው መዳብ ገና የመጀመሪያው ቀን ላይ ሞተ፤ እንደ ብረት ጥርስ ላውጣልህ ብሎ ሲያዞረው እንደ እርጎ ክዳን ተጣጠፈ። «ይሄ የተበላሸው ሚኒስትሩ የታጠበበት ጋ ነው» ብሎ ጣለው። ከዚያ ብየዳ ተማረ፤ በእኛ ግድግዳ ላይ ነው የተማረው። የድሮውን የብረት ቧንቧ ከመሬት ቆፍሮ ነቅሎ በር ላይ ከመረው፣ ቆራሌው እየመረቀን ጭኖት ሄደ።

አዲሱ ቧንቧ ከቆጣሪው ተነሥቶ መሐል ግቢ ለመድረስ ጥቂት እርምጃ ይበቃው ነበር። ግን ውሃ ለማድረስ አልነበረም የተዘረጋው። በኦቦ ደቻሳ ሳሎን መስኮት ሥር አለፈ፣ በእኔ በር ላይ ተጠመዘዘ፣ ግቢው በር ላይ ያለውን የከድጃን ሱቅ ዞረ፣ ከዚያ መጸዳጃ ቤቱን ከበበ። «መጸዳጃ ቤቱን ለምን?» ብዬ ብጠይቀው መኩሪያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ገማችም ሰው ነው፤ ሊሄድ ይችላል!»

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ስሙ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ግድግዳውን ስትመታው ቧንቧው ይግላል። ቀዝቃዛ ውሃ ያማራት ሴት ጎህ ሲቀድ መነሣት አለባት፤ ተኝታ ያረፈደች ሙቅ ውሃ ትጠጣለች። መዳብ ለቁርጥማት ፍቱን ነው የሚባለው ነገርም ሰፈሩ ውስጥ ወሬው ደረሰና፣ የአዴ ጫልቱ ዕድርተኞች ከሰዓት ከሰዓት እየመጡ ጀርባቸውን በእኔ ግድግዳ ላይ ማሸት ጀመሩ። መስኮቴን ስከፍት የማየው ጀርባ ነው። «እንደምን ዋላችሁ» የምለው ለጀርባ ነው። ከድጃም፣ «ወላሂ ሱቄ በር ላይ ሐኪም ቤት ተከፈተ! አንዷ የግራ ጉልበቷን፣ አንዷ የቀኝ ትከሻዋን...» እያለች ትስቃለች። እየሳቀች ግን ለጉልበቱም ለትከሻውም ቅባት ትሸጥላቸዋለች።

ከሁሉ የባሰው ግን መዳቡ ጠቆረ። አየር ላይ ያለ መዳብ ይጠቁራል። ኦቦ ደቻሳም ትእዛዝ አወጡ፤ እያንዳንዱ ተከራይ በግድግዳው ላይ የሚያልፈውን ቧንቧ ቅዳሜ ቅዳሜ በሎሚና በአመድ ይወለውል! እኔ ስከራይ መብራት ቆጥቢ፣ ልብስ ማታ አታጥቢ ተብያለሁ፤ ቧንቧ አሳምሪ የሚል ውል ግን አልፈረምኩም። ቢሆንም ወለወልኩ። መኩሪያ ብቻ አልወለወለም፤ እሱ እየዞረ «እዚህ ጋ ጠቁሯል፣ እዚያ ጋ ጠቁሯል» ይል ነበር።

እውነት ለመናገር ውሃው ግን ጠራ። እንደ እንባ ጠራ። ነጭ ሸሚዜ ነጭ ሆነና አለቃዬ «አዲስ ገዛሽ?» አለኝ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሁከቱ ትንሽ የረገበ በሚመስል ሳምንት አንድ መኪና በራችን ላይ ቆመ። ግንባሩ ላይ ለምለም ቅጠል ታስሯል። ሁለት ሰዎች ወረዱ፤ አንዱ ቦርጫም፣ አንዱ ሜትር የያዘ ወጣት። ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደመጡ እስከ ዛሬ አልገባኝም። «ለመረጃ ያህል ብቻ ነው» አሉ፤ ይህን የሚል ሰው ሲመጣ እኔ ቦርሳዬን ነው የምይዘው። በግራ ቀኝ እያዩ ነው የገቡት፤ ፈርተዋል።

«ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ» ሆነ! መኩሪያ ክራቫቱን አጠበቀ። አዴ ጫልቱ እርጎ አቀረቡ፤ ላሟ ስለተሸጠች እርጎው ከጎረቤት የተለመነ ነው። እኔና ከድጃ ሎሚያችንን ይዘን በየግድግዳችን ላይ ተጣደፍን።

ሰዎቹ ግድግዳውን ለኩ። ጭቃ። ጣሪያውን አዩ። ቆርቆሮ። ኦቦ ደቻሳ የተከሉትን የኮሶ ዛፍ ዙሪያውን ለኩ። መጸዳጃ ቤቱንም አዩ፣ ቦርጫሙማ ገብቶም ወጣ! መኩሪያ በድል አየኝ። ግን መዳቡን ማንም አልጻፈው። መኩሪያ ሳለ። እንደገና ሳለ። በመጨረሻ አላስችል አለው።

«ይሄስ? መዳብ ነው እኮ!»

«አይተነዋል» አለ ወጣቱ። «መሬት ውስጥ የሚገባ ክፍል አለው?»

«ኧረ የለውም! ይኸው አንድም የተደበቀ ነገር የለም፣ ሙሉ ለሙሉ ይታያል!»

ወጣቱ ቧንቧውን ያዝ አድርጎ ትንሽ ሳብ ቢያደርገው፣ ግርማ በእልህ የመታው ማሰሪያ ከነምስማሩ ውልቅ ብሎ እጁ ላይ ቀረ።

«ተነቃይ ነው» አለ። «ተነቅሎ ሌላ ቦታ የሚተከል ንብረት አይገመትም። ስትሄዱ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።»

መኩሪያ አመዱ ቡን አለ። «የድሮው የብረቱስ?»

«እሱ መሬት ውስጥ የተቀበረ ከነበረ ይገመት ነበር። የት አለ?»

የት ይኖራል! ቆራሌው እየመረቀን ወስዶታል።

ከድጃ ሎሚዋን እንደያዘች፣ «እኛ ተከራዮቹስ?» አለች።

«እናንተ?» ቦርጫሙ እርጎውን ጨልጦ አፉን ጠረገ። «እናንተማ እግር አላችሁ።»

ስንት ዓመት ኪራይ የከፈልነው እግር ይዘን ኖሯል! ልሳደብ አፌን ስከፍት ኦቦ ደቻሳ ቀደሙኝ።

«እኔስ?» አሉ።

«ምን አሉ አባባ?» አለ ወጣቱ።

«ግድግዳው አይነቀልም ብለህ ጻፍክ። ዛፉ አይነቀልም ብለህ ጻፍክ። ቧንቧው ይነቀላል አልክ። እኔስ? እነቀላለሁ ወይስ አልነቀልም?»

ወጣቱ ሜትሩን መጠቅለል ጀመረ። ተጠቅልሎ አልቆም እንደገና ዘርግቶ ጠቀለለው። ቦርጫሙ፣ «እሱ እኛን አይመለከትም አባባ፤ የሚመለከተው ክፍል ይነግርዎታል» ብሎ ወደ መኪናው ሄደ። እኔ በኦቦ ደቻሳ መዳብ ለወራት ስቄያለሁ፣ ለሰውም አስቂኝ አድርጌ አውርቻለሁ። ያን ቀን ግን ሎሚዬን መሬት ላይ ጣልኩት። ሰውየው ግቢው መሐል እንደቆሙ ቀሩ። አዴ ጫልቱም ከስንት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አነጋገሯቸው። ምን እንዳሏቸው አልሰማሁም፤ በኦሮምኛ ነው፣ ስለ ድንች አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አንድ ምሽት በሬዲዮ «ማስተር ፕላኑ ቀርቷል» ተባለ። ሰፈሩ በእልልታ ተናጋ። ከድጃ ለልጆች ከረሜላ በተነች፤ ከድጃ በነጻ ከረሜላ ስትሰጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። መኩሪያም «እኔ ብዬ ነበር!» አለ። ምን ብሎ እንደነበር የጠየቀው የለም።

በማግሥቱ ጠዋት የዶማ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ወጥቼ ባይ ኦቦ ደቻሳ ከቆጣሪው እስከ መሐል ግቢ ቦይ ይቆፍራሉ። መዳቡን ከየግድግዳው ነቅለው አጠገባቸው ከምረውታል። እኔና ከድጃም ጫማችንን አውልቀን አፈር ማውጣት ጀመርን። ሎሚ ከማሸት አፈር መዛቅ ይሻላል፤ ቢያንስ ያልቃል።

መኩሪያ ለሥራ ለብሶ፣ ፋይሉን ብብቱ ሥር አድርጎ ብቅ አለ።

«ኦቦ! ምን እያደረጉ ነው? እንዲህ ያለ መዳብ አፈር ውስጥ? ማን ሊያየው ነው?»

ኦቦ ደቻሳ ቀና አሉ። ላባቸውን ጠረጉ።

«ቧንቧ አይደለም እንዴ? ውሃ ልጠጣበት ነዋ!»

«እሱማ ልክ ነው፣ ግን...»

«ትናንት ቀረ አሉ። ነገ ስሙን ቀይረው ይመጣሉ፣ አውቃለሁ። ይምጡ። እኔ እስከዚያ በቤቴ ቀዝቃዛ ውሃ እጠጣለሁ።»

ስለዚያ መዳብ በግቢያችን ውስጥ ከተባለው ሁሉ የሰው ንግግር ሆኖ ያገኘሁት ይህን ብቻ ነው። ዶማቸውን አንሥተው ሊቀጥሉ ሲሉ፣ መኩሪያ ግን ቦዩን አየ፣ መዳቡን አየ፣ ዓይኑ ቀስ እያለ በራ...

«ቆይ ቆይ ቆይ! ኦቦ! ከተቀበረማ... አይነቀልም እኮ! ተገማች ሆነ ማለት ነው! ሌላኛውንም ዙር በመጸዳጃ ቤቱ በኩል ብንቀብረው...»

ኦቦ ደቻሳ ዶማውን እንደያዙ ቀስ ብለው ወደ እሱ ዞሩ። አንድ እርምጃ ብቻ ነው የተራመዱት። መኩሪያ ፋይሉን ጥሎ፣ ክራቫቱን በትከሻው ላይ እያውለበለበ በበሩ ወጣ። ገማቾቹ ያን ሰዓት ቢኖሩ ኖሮ በግቢያችን ውስጥ ካለው ንብረት ሁሉ በቀላሉ የሚነቀለው የትኛው እንደሆነ ማንንም ሳይጠይቁ ይጽፉ ነበር።